ለ3ኛ ሐ ድጋፍ፦ ሰኞ የሚቀርበው ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ 3ኛ ሐ ውስጥ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ድጋፍ ለክፍለ ከተማው የአካቶ ትምህርት ባለሙያ የምናስገባው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ለ3ኛ ሐ ረዳት መምህርት። ሁለተኛ፣ በሥዕል የተሠራ የቀን ፕሮግራም። ሦስተኛ፣ ዕቃ ቤቱ ጸድቶ «የጸጥታ ክፍል» ይሁን። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ።

የ3ኛ ሐ እናት፦ ረዳቷ ትቅደም። 54 ልጅ ለአንድ መምህርት! ልጄ ደወል በሰማ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል። አምና «ባለጌ» ተብሎ ተንበርክኮበታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን «የጸጥታ ክፍል» ምንድነው? ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ልንከፍት ነው?

የመንትዮቹ አባት፦ «ማረፊያ» በሉታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማረፊያ ቤትማ ባሰ! ጣቢያ ያደረ ያውቀዋል።

የመንትዮቹ አባት፦ አንተ መቼ አደርክ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቀልዱን ተው። የአጥሩን ብር ማን እንዳስመለሰ አትርሳ።

መምህርት፦ ስሙን ተዉትና ስሙኝ። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀ ይረጋጋል። ከደወሉ 2 ደቂቃ በፊት ስነግረው ዴስክ ሥር አይገባም። ግን ሌሎቹን 53 ማን ይያዝልኝ? ክፍል ሳይሆን ሰው ነው የቸገረኝ።

የ6ኛ ክፍል ወላጅ፦ ለአንድ ልጅ ይሄ ሁሉ? ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለምን አትወስጂውም?

የ3ኛ ሐ እናት፦ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይን በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ስላጡ ነው። ከ20 ዓመት በኋላም ልጅሽን ይዘሽ ውጪ ትይኛለሽ?

የ6ኛ ክፍል ወላጅ፦ እንደዛ ለማለት አይደለም። ይቅርታ እህቴ። «የእርጋታ ክፍል» ብንለውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሌላው ክፍል ያበደ ነው ማለት ነው?

ሰብሳቢ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ሥዕሎቹን አሳትማለሁ ያለው ሰው የት ገባ?

የመንትዮቹ አባት፦ እኔ ነበርኩ። ፊልድ ወጥቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀለም ቀቢ አግኝቻለሁ። በዚያው ኮሪደሩንም ይጨርስልን፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። የረዳቷ ደመወዝ በየወሩ ነው፤ ቀለም ግን አንዴ ነው።

ሰብሳቢ፦ የተስተካከለው፦ ዕቃ ቤቱና ኮሪደሩ ይቀባሉ። ስሙ ለጊዜው «ክፍል 9»። የረዳቷ ጉዳይ በሁለተኛው ሴሚስተር ይታያል።

የ3ኛ ሐ እናት፦ ደወሉስ?

ሰብሳቢ፦ ሰኞ እናንሳው።

መምህርት፦ ደወሉ የተሰቀለው እኮ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው።