ቦርዱ «በሕመም» ብሎ አሰናበተኝ፣ የተጎዳሁት ግን ግዳጅ ላይ ነው

የገንደ ቆሬው (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ወገኖች። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። መከላከያ የገባሁት በ2008 ነው፤ ሁርሶ ሠለጠንኩ። ኅዳር 2015 ላይ ከጎዴ ወደ ቀብሪ ደሀር ስንቅ ጭነን ስንሄድ መኪናችን ተገለበጠ። አንድ ጓዳችን እዚያው አረፈ፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ ወገቤና ግራ እግሬ ተጎዳ። መጀመሪያ የክፍሉ ክሊኒክ አዩኝ፣ ከዚያ ሆስፒታል ላኩኝ። ዓመት ከምናምን ቀላል ሥራ ላይ ቆየሁ። መቆምም መቀመጥም ሲያቅተኝ የሕክምና ቦርድ ቀረብኩና በ2016 መጨረሻ ተሰናበትኩ።

የስንብት ደብዳቤዬ «በሕመም ምክንያት ለውትድርና ብቁ ባለመሆኑ» ይላል። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ጡረታ ስጠይቅ «አገልግሎትህ 8 ዓመት ነው፤ 10 ስላልሞላ ወርሃዊ ጡረታ የለህም፣ የሚገባህ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው» ተባልኩ። ስለ አደጋው ብናገርም «ወረቀትህ ላይ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም።

ስጎዳ ደመወዜ 4,000 ብር ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ከባድ ዕቃ ማንሳት አልችልም፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ፈርሜ ዳረጎቱን ልውሰድ ወይስ ልከራከር? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ለገሃር፦

ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ግን ውሰድና ሥራ ጀምርበት እልሃለሁ። አጎቴ በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲመላለስ ለአውቶቡስና ለአልጋ ያወጣው ብዙ ነው። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ተወው። አንተ ደግሞ ወገብህ እንደዚያ ሆኖ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዴት ትችለዋለህ?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ (ሐረር)፦

ልጄ፣ እንዳትፈርም። ቆይ ላስረዳህ።

እኔም በቦርድ የወጣሁ ነኝ፣ በ2009። አገልግሎቴ 6 ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ በየወሩ ጡረታ እወስዳለሁ። 10 ዓመት ሳይሞላኝ እንዴት አገኘሁ? የእኔ ወረቀት «በግዳጅ ላይ በደረሰበት ጉዳት» ስለሚል ነው። በእኔና በአንተ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው አንድ ቃል ነው።

ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። አንዱ የጤና ጉድለት ነው። ታመምክ፣ ሥራው ከበደህ፣ ወጣህ። ለዚህ ወርሃዊ ጡረታ የሚሰጠው 10 ዓመት ላገለገለ ነው። ያልሞላለት ዳረጎት ይወስዳል፤ መጠኑም ከወር ደመወዝና ከአገልግሎት ዓመት ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ሌላው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ለዚህ የአገልግሎት ዓመት አይቆጠርም። ቦርዱ ጉዳትህ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፣ ለዘለቄታው መሥራት አትችልም ካለ የጉዳት ጡረታ ዕድሜ ልክህን ታገኛለህ። መጠኑ ከመጎዳትህ በፊት ትወስደው ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነው።

እስቲ በአንተ ደመወዝ እናስላው። ዳረጎቱ ከ4,000 ብር ደመወዝህና ከ8 ዓመት አገልግሎትህ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። አንድ ጊዜ ወስደህ አለቀ። የጉዳት ጡረታው በወር 1,880 ብር ነው። በጥቂት ዓመታት ከዳረጎቱ ያልፋል። አንተ ገና ወጣት ነህ። በዚያ ላይ ጡረታ መንግሥት በየጊዜው ያሻሽለዋል፤ ዳረጎት ግን እዚያው የቆመ ነው። አንተ አንድ ነገር ብትሆንም ለባለቤትህና ለልጆችህ ይተርፋል።

ለገሃር ወንድሜ፣ አጎትህ መድከሙን አምናለሁ። ግን ይሄ ልጅ አሁን የሚሟገተው ከጡረታ ቢሮ ጋር አይደለም። ጡረታ ቢሮ የሚያየው ከክፍሉ የመጣውን ወረቀት ነው። መታረም ያለበት ያ ወረቀት ነው።

የገንደ ቆሬው፦

ሃምሳ አለቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገና አልፈረምኩም። ግን ወረቀቱ ለምን «በሕመም» ተብሎ ተጻፈ? አደጋውን ሁሉም ያውቃል እኮ።

ነርሷ (ሐረር)፦

እኔ ልመልስልህ። የካርድ ነገር በየቀኑ የማየው ስለሆነ ይገባኛል።

አደጋው በደረሰ ሰሞን የሚጽፍልህ ሐኪም «የመኪና መገልበጥ አደጋ» ብሎ ይጀምራል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ትቀርባለህ። ምን ሆንክ ይልሃል፣ ወገቤን ትላለህ። «የወገብ ሕመም» ብሎ ይጽፋል። ኤምአርአይ ያዝዛል፣ «የዲስክ መንሸራተት» ይወጣል። ቦርድ ስትቀርብ ከላይ ያለው የመጨረሻው ወረቀት ነው። አደጋው ከታች ተቀብሯል። ሕመሙ ከየት እንደመጣ የሚናገር መስመር የለም። ደብዳቤ የሚያዘጋጀው ጸሐፊ ደግሞ ያነበበውን ነው የሚገለብጠው። ይህን የምልህ ማንም ሆን ብሎ የበደለህ እንዳይመስልህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የታየህበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄደህ የመጀመሪያውን ቀን ገጽ ጠይቅ። የካርድ ቁጥርህ ከጠፋብህ ስምህንና ወሩን ንገራቸው፣ መዝገብ ላይ ይፈልጉልሃል። የክፍሉ ክሊኒክም መዝገብ አለው፤ የላኩህ የሪፈራል ወረቀትም ቅሪት አለው። ቀኖቹ መገጣጠም አለባቸው። አደጋው በ12 ከሆነና ካርዱ በ13 ከተከፈተ ከዚያ የሚበልጥ ምስክር የለህም። አሁን የሚያክምህን ሐኪም ደግሞ ማጠቃለያ እንዲጽፍልህ ለምነው። «በኅዳር 2015 በደረሰ የመኪና አደጋ ምክንያት የመጣ» የሚል ሐረግ ይኑረው። ፊርማና ማኅተም ሳይኖረው አትውጣ።

ሌላም አለ። እንቅልፍ እምቢ ይለኛል ብለሃል። ጓደኛህ አጠገብህ ሞቷል። ይህን ለቦርዱ ተናግረሃል? የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድና ታይ። መጀመሪያ ለራስህ ብለህ፣ ቀጥሎም ጉዳትህ ሙሉ ሆኖ እንዲመዘገብ። በዚህ የሚያፍር ወታደር ብዙ አይቻለሁ። እባክህ አንተ አትፈር።

የገንደ ቆሬው፦

አልተናገርኩም እህቴ። እግሬንና ወገቤን ብቻ ነው ያልኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ደፍሬ አላነሳሁትም።

ጠበቃው (ከዚራ)፦

በድሬ ልማድ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ሃምሳ አለቃ ያለው ልክ ነው። ስሌቱ የአዋጅ 714/2003 ነው፤ ያ አዋጅ በ2014 በአዋጅ 1267 ተተክቷል። የአንተ ጉዳት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስሌቱ በአዲሱ ተለውጦ እንደሆነ አይተህ አቤቱታህ ላይ አዲሱን ቁጥር ጥቀስ። ወታደሩም ፖሊሱም ሲቪሉም በዚሁ አዋጅ ነው የሚስተናገደው።

ቅደም ተከተሉን አታዛንፍ። መጀመሪያ ለነበርክበት ክፍል የሰው ሀብት በጽሑፍ አመልክት። ጥያቄህ ሁለት ነው። የስንብቱ ምክንያት ይስተካከል፤ የሕክምና ቦርዱ የጉዳቱን መነሻና መጠን በመቶኛ ድጋሚ አይቶ ይወስን። ከማመልከቻው ጋር የአደጋውን ሪፖርት፣ የክሊኒኩንና የሆስፒታሉን ማስረጃ፣ አብረውህ መኪናው ላይ የነበሩትን ሰዎች ምስክርነት አያይዝ። የሞተው ጓድህ ቤተሰብ የተተኪ ጡረታ (ሟች ለተዋቸው ቤተሰቦች የሚከፈለውን) ጠይቀው ከሆነ የእነሱ ፋይል ውስጥ የአደጋው ሪፖርት ይኖራል። ያ ሪፖርት አንተንም የሚጠቅስ ከሆነ ጉዳይህ ግማሽ መንገድ ሄደ።

የተስተካከለውን ይዘህ ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ታመለክታለህ። እምቢ ካሉህ በቃል አትመለስ። ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ በል። የተጻፈ ውሳኔ ከሌለህ ይግባኝ የምትልበት ነገር የለህም። ይግባኙ የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። የእሱ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ካልክ ደግሞ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት አለ። ውሳኔው የደረሰህን ቀን ጻፍ፤ ይግባኝም ክፍያ መጠየቅም የጊዜ ገደብ አላቸው፣ ሳይታወቅህ ያልፋል።

ገንዘብ ከሌለህ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ክፍሎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ማመልከቻውን ይጽፉልሃል።

ነምበር ዋን፦

አቦ፣ ስምህንም አደራ እይ! የወንድሜ ጉዳይ አምስት ወር የቆመው በአያት ስም ነው። ሠራዊቱ ፋይል ላይ «ሙሐመድ»፣ ቀበሌ መታወቂያው ላይ «መሀመድ»፣ ፋይዳ ላይ ሌላ። በመጨረሻ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት አረጋገጠለት። አስቀድመህ ሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተህ አንብብ።

ጉዳይ አስፈጽምልሃለሁ የሚልህንም ራቅ። ወንድሜን 5,000 ብር በልተውታል፣ አንድ ወረቀት እንኳ አላመጡለትም።

የሁለት ልጆች እናት (ድሬዳዋ)፦

ልጄ፣ እኔ የምነግርህ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ ዛላምበሳ ላይ በ1992 ነው የቆሰለው። የጉዳት ጡረታ ነበረው። በ2011 አረፈ። አላህ ይዘንለትና በሕይወት ሳለ አንድ ነገር ረሳ። የሕይወት ታሪክ ፎርሙን የሞላው ትንሿ ልጃችን ሳትወለድ ነበር። በኋላ አላስጨመራትም።

ለሚስት የሟች ጡረታ ግማሽ ነው፣ ለልጅ 20 በመቶ። የትልቁ ወዲያው ተፈቀደ። የትንሿን ለማግኘት ግን ሰባት ወር ፈጀብኝ። የልደት ወረቀት አውጪ፣ ምስክር አምጪ። የእኔም ጋብቻ በኒካህ ብቻ ስለነበር ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ማረጋገጫ ማምጣት ነበረብኝ። እያለቀስኩ ነው የተመላለስኩት። ሐዘን ላይ ሆኖ ወረቀት መፈለግ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

ስለዚህ ጡረታው ከመፈቀዱ በፊት፣ አሁኑኑ፣ ሚስትህንና ሁለቱንም ልጆች አስመዝግብ።

የገንደ ቆሬው፦

እናቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ሁለተኛዋ ልጄ ፎርሙ ላይ የለችም። ነገ ቀበሌ ሄጄ የልደት ወረቀቷን አወጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንድ ሰው ጡረታህን አስይዝና ገንዘብ ላበድርህ ብሎኛል። ቤት ኪራይ ሁለት ወር አልከፈልኩም።

ጠበቃው (ከዚራ)፦

እንዳታደርገው። ጡረታ ለሌላ የሚተላለፍ ወይም መያዣ የሚሆን መብት አይደለም። ሊቆረጥ የሚችለው ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው፤ ያውም ለቀለብ ወይም ለመንግሥት ዕዳ። ያ ሰው ሕጋዊ መያዣ ስለማያገኝ ደብተርህንና የባንክ ካርድህን ነው የሚይዘው። ሁለቱንም ለማንም አትስጥ። አከራይህን ጊዜ ጠይቀው፤ ካስፈለገ አብሬህ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። በውስጥ ጻፍልኝ።

ለገሃር፦

ሃምሳ አለቃ፣ ስሌቱን እንዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ልጁን ውሰድ ማለቴ ተሳስቼ ነው። የገንደ ቆሬው፣ እኔ የሐረር መስመር ሚኒባስ ላይ ነኝ። ሐረር ሆስፒታል ስትመላለስ ደውልልኝ፣ የፊት ወንበር እይዝልሃለሁ። የደንገጎ ጠመዝማዛ ለወገብ አይሆንም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

የገንደ ቆሬው (ከአንድ ወር በኋላ)፦

ወገኖቼ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የሆስፒታሉ ካርድ ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ «ተሽከርካሪ ተገልብጦ የመጣ» ይላል፣ ቀኑም ከአደጋው ቀን ጋር አንድ ነው። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። የሟቹን ጓዴን እህት አገኘኋት፤ የአደጋውን ሪፖርት ኮፒ ሰጠችኝ። ስሜ ከተጎጂዎች ሦስተኛ ላይ አለ። ሁለት ጓዶቼም ምስክርነት ጽፈው ላኩልኝ። ማመልከቻውን የዩኒቨርሲቲው ልጆች ጻፉልኝ፣ ክፍሉም መዝግቦ ተቀብሎኛል። ድጋሚ ቦርድ እንድቀርብ ቀጠሮ ይዘውልኛል፣ በሚቀጥለው ወር ነው። የአእምሮ ሕክምናም ጀምሬያለሁ። እህቴ ነርሷ፣ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ።

ቦርዱ ፊት ምን ልበል? እሱ ነው አሁን የሚያስፈራኝ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ (ሐረር)፦

ጎበዝ! ቦርድ ፊት ወታደር ነኝና ልጠንክር እንዳትል። እኔ ያንን ስህተት ሠርቻለሁ። እንዴት ነህ ሲሉኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። መቶኛዬ ዝቅ ያለው በዚያ ይመስለኛል። አንተ እንደሆነው ተናገር። ስንት ደቂቃ መቆም ትችላለህ? ጫማህን ማን ያስርልሃል? ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ? ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ በወረቀት ጻፈው፣ ይዘኸው ግባ። አትጨምር፣ አትቀንስ።

ከላይ የሚሆነውን ወረቀት ራስህ አስተካክል። የመጀመሪያው ቀን ካርድ ከላይ፣ የአደጋው ሪፖርት ቀጥሎ፣ ኤምአርአዩ ከታች። ዋናውን አሳይተህ መልሰህ ያዝ፣ የምታስረክበው ኮፒ ነው። በዚያ ቀን ቀጠሮ የለኝም፣ ሸዋ በር እጠብቅሃለሁ።