የቲሊሊ ዶሮ ወይስ ሳሶ? ለጎጃም ጓሮ ጥቆማ

ጥያቄ፦ ቡሬ ዙሪያ ነኝ። በጓሮ አሥር ዶሮ ልጀምር ነው፤ የሀበሻዋ ትሻላለች ወይስ የውጭ ዝርያው ሳሶ? ራሷ ታቅፋ ብትፈለፍል እመርጣለሁ።

መልስ፦ እንግዲያው የሀበሻዋን፣ በተለይ በቲሊሊ ስም የምትታወቀውን ይያዙ። ስሙ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ሲወርዱ ካለችው ከተማ የመጣ ነው። በላባ ቀለም አይፈልጓት፤ ቀይም፣ ገብስማም፣ ወሰራም ትሆናለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ግን በብዛት ዝቅ ብሎ የተኛ ነው፤ ለደጋ ብርድ ይመቻል። ጥቁር ዶሮ ገበያ ላይ ስለማይወደድ ታቃፊ ሲገዙ በርካሽ ያገኙታል። ነጯን ጭልፊት ቶሎ ያያታል።

ልዩነቱን በግልጽ ልናገር፦ የሀበሻዋ በዓመት ከ40–60 ዕንቁላል ነው የምትጥለው። ለዕንቁላል የምትረባው የውጭ ዝርያ ቦቫንስ ብራውን በተሟላ መኖ 300 ገደማ ትሰጣለች፤ መኖ ሲጓደል ግን ወዲያው ትቀንሳለች። የፈረንሳዩ ሳሶ ቶሎ ሥጋ ይይዛል፣ አይታቀፍም፤ ስለዚህ በየዙሩ ጫጩት መግዛት ሊኖርብዎ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዝርያ ኮይኮክ በዕንቁላልም በሥጋም መሀል ላይ ነው። ዕንቁላል ለመሸጥ ካሰቡ ቦቫንስ፤ ለጓሮ ግን የሀበሻዋን የሚያህል የለም።

ትልቁ ስሕተት የሳሶ አውራ ከሀበሻ ቄቦች ጋር መልቀቅ ነው። ልጆቹ ይገዝፋሉ፣ መታቀፉ ግን ከትውልድ ትውልድ እየጠፋ ይሄዳል። ለ8–10 ሴት አንድ አውራ ይበቃል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይራባ በየዓመቱ ከሌላ ቀበሌ ይለውጡት።

ለማስታቀፍ ከ10–12 ዕንቁላል፣ ከሳምንት ያልበለጠው፣ ሳይታጠብ። የገበያ ዕንቁላል አይሆንም፤ በመንገድ ተንገላቷል፣ አውራ ያገኘው መሆኑም አይታወቅም። ዶሮዋን ማታ ያስቀምጧት፣ ቀን ከሆነ ትነሳለች። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በባትሪ ይዩት፤ ደም ሥር ያልታየበትን ያውጡ። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ግን ተረስቷል። የሀበሻ ዶሮ ፈንግልን ትችላለች የሚሉት እውነት አይደለም፤ ዝናብ ሲጀምር ሙሉ ጓሮ ይጨርሳል። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ያስከትቡ። ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት ብልቃጥ ለብዙ መቶ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ይጨርሱት። ከክሊኒክ እስከ ቤት በበረዶ ይምጣ። በውሃ ከሰጡት የምንጭ ወይም የጉድጓድ ይሁን፤ የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ዶሮዎቹ ጠምቷቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። ከገበያ የመጣችውን አዲስ ዶሮ ለ14 ቀን ለብቻዋ ያቆዩ፤ በተለይ የበዓል ሰሞን የገዟትን።