ስካኑ ላይ የታየው አንጀት ውስጥ ነው ወይስ የፈሰሰ ሐሞት?

የ7 ሳምንት ሕፃን ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ብሏል፣ ሰገራው ነጥቷል። አልትራሳውንድ ብዙ ፈሳሽ አሳየ፣ ምንጩን ግን አላሳየም። ፈሳሹን ቀድተን አስመረመርን። ቢሊሩቢኑ (ሐሞት ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር 19 ሚሊግራም፣ የደሙ ግን 4 ብቻ። ክሬቲኒኑ (በሽንት የሚወጣው ቆሻሻ) ከደሙ አይበልጥም፣ ስለዚህ ሽንት አይመስለንም።

የሐሞት ቱቦ ተቀዶ ይሆናል ብለን በቴክኒሽየም 99ኤም (ጨረር በሚያወጣ፣ የሐሞትን መንገድ በካሜራ በሚያሳይ መድኃኒት) የሐሞት ስካን ተሠራለት። ጉበቱ መድኃኒቱን በደንብ ወሰደ። ከ1 ሰዓት በኋላ ከጉበት ውጭ ምንም አልታየም። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን በሆዱ ቀኝ ጎን ደብዘዝ ያለ ነገር መጣ። ከጎን አነሳነው፣ አሁንም አልለየም። ካሜራችን ከሲቲ ስካን ጋር የተጣመረ አይደለም። 24 ሰዓት እንዳንጠብቅ የቴክኒሽየሙ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው፣ ምስሉ ይደክማል። ቀዶ ሐኪሞቹም መልስ እየጠበቁ ነው፣ እውነታቸውን ነው።

በዚህ ካሜራ ብቻ፣ አንጀት የገባውን ከፈሰሰው ለመለየት ሕፃኑን እንዴት አስተኝተን፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እናንሳው?