ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ሲቆም ለምን አይወድቅም?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ ጋር ክርክር ገጥመናል፤ የሚያውቅ ይፍረደን።

አባቴ በደርግ ጊዜ አየር ወለድ ነበር። ባለፈው እሑድ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየሁት። ዘላዮች ጃንጥላቸውን ከዘረጉ በኋላ ይጠጋጋሉ። አንዱ እግሩን የሌላው ጃንጥላ ገመድ ውስጥ ያስገባል። ሦስተኛው ይመጣል፣ አራተኛው ይመጣል። ከዚያ አንድ ላይ ሆነው ቀጥ ብለው ይበርራሉ። አባቴ ስልኩን መለሰልኝና «ይሄ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አለ። «ከሰው ጃንጥላ በላይ ከሆንክ አየርህን ይወስድብሃል፣ ያንተ ይከስማል። በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ።

አባቴ የማያውቀውን አያወራም። ቪዲዮው ደግሞ እውነት ይመስለኛል። እንዴት ነው ነገሩ? ደግሞስ ያን ያህል ሰው ተያይዞ ሳይወዛወዝ የሚያቆመው ምንድን ነው?

የድሮ ዘላይ (ደሴ፣ ሸዋበር)

ልጄ፣ አባትህ ልክ ነው። ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ደብረ ዘይት ስንሰለጥን ከሰው ጃንጥላ በላይ እንዳንገባ አጥብቀው ነግረውናል። የላይኛው ሰው ከታችኛው ጃንጥላ አናት ላይ ሲደርስ አየር ያጣል። ጃንጥላው ይጨማደድና ታችኛውን አልፎ ይወርዳል። ከዚያ ታች ሆኖ እንደገና ይነፋል፤ አሁን ደግሞ አየር የሚያጣው ያኛው ነው። መሬት ቅርብ ከሆነ ሞት ነው። ድንገት የሰው ጃንጥላ ላይ ካረፍክ ደግሞ ሮጠህ ውረድ ይሉን ነበር። ቆሞ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም።

ቪዲዮውን ግን እኔም አይቼዋለሁ። የሚያስረዳን ካለ በደስታ እሰማለሁ።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ወንድሜ፣ ቪዲዮውም እውነት ነው። የተለየው ጃንጥላው ነው።

እኔ ሐይቅ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሁን የምኖረው ውጭ ነው፤ ይሄን ዓይነት ዝላይ እዘላለሁ። ሰሞኑን እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ጊዜ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የአባትህ ጃንጥላ ክብ ነው። ሥራው አየር ይዞ ውድቀቱን ማዘግየት ነው። ወደ ታች ስለሚወርድ የተበጠበጠው አየር በቀጥታ ከአናቱ በላይ ይቀራል። እዚያ የገባ ሰው ጃንጥላውን የሚነፋለት አየር አያገኝም። የእኛ ጃንጥላ ግን ክንፍ ነው። ድርብ ጨርቅ ነው፤ መሃሉ በክፍል በክፍል የተሰፋ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባለ ሰባት ክፍሉ ነው። አየር ከፊት ባለው ክፍት አፍ ይገባና ይነፋዋል። ይህን ዓይነት ክንፍ የፈጠረው ዶሚና ጃልበርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ክንፍ ስለሆነ እየወረደም ወደፊት ይበርራል። የሚበጠብጠው አየር ታዲያ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይቀራል። ከላይ የቆመው ሰው ክንፍ ከዚያ ብጥብጥ ቀድሞ ነው የሚበርረው፤ ንጹሕ አየር ያገኛል። አዲስ የሚመጣ ሰውም ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚጠጋው። ከፍ ብሎ ከመጣ አባትህ ያየውን ነገር ያገኘዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። የሚመጣው ሰው የጃንጥላውን የፊት ጠርዝ መሃል አምጥቶ ከላይ ሆኖ ለሚጠብቀው ተቀባይ ያስነካል። ተቀባዩ በእጁ ይይዘዋል፤ ከዚያ ሁለት እግሩን በመሃለኛው ክፍል የፊት ገመዶች ውስጥ ያስገባል። አሁን እጁ ነጻ ሆነ። የራሱን ጃንጥላ መምራት ይችላል።

ወደ መወዛወዙ ስንመጣ መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። ሁሉም ጃንጥላዎች በአንድ ፍጥነት መብረርና በአንድ ፍጥነት መውረድ አለባቸው። ስለዚህ የሰውየው ክብደት ከነዕቃው በፓውንድ ተመዝኖ ለጃንጥላው ስፋት በካሬ ጫማ ይካፈላል። ከነዕቃው 80 ኪሎ የሚሆን ሰው ማለት 176 ፓውንድ ነው። 126 ካሬ ጫማ ቢይዝ ውጤቱ 1.4 ገደማ ነው። 100 ኪሎ የሚሆነው 160 ካሬ ጫማ ቢይዝ እሱም 1.4 አካባቢ ይመጣል። ሁለቱ ይግባባሉ። ከባዱን ሰውዬ 126 ላይ ብትሰቅለው ግን የትም አይገናኙም፤ እሱ ወደ ታች ጥሏቸው ይሄዳል። ቀላል ሰው የእርሳስ ብረት ያለበት ቀበቶ ታጥቆ ክብደቱን ያስተካክላል።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን ተቀባዩን ነው። ቪዲዮ ላይ ዓይናችን የሚሄደው በሚመጣው ላይ ነው። ለእኔ ግን ከባዱ ሥራ የተቀባዩ ነው፤ ሥራውም ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ጓደኛህ አሥር ሜትር ላይ ደርሶ ትንሽ ሲስት «ልርዳው» ትላለህ። ወደ እሱ ዞር ትላለህ። እሱ ደግሞ አንተ በነበርክበት ለክቶ እየመጣ ነበር። አሁን ያስተካክላል። አንተም ታስተካክላለህ። በዚህ መሃል ሁለታችሁም መወዛወዝ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ተቀባይ አይረዳም። አቅጣጫውን ይዞ፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ይጠብቃል። መምጣት የመጪው ሥራ ነው፤ ካልቻለ ዞሮ እንደገና ይሞክራል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሰውነታችን ከክንፉ በታች በገመድ ተንጠልጥሏል። መሪውን ስትስብ መጀመሪያ የሚዞረው ክንፉ ነው፤ ሰውነትህ ዘግይቶ ይከተላል። የሰውነትህን መወዛወዝ አይተህ ለማረም ስትስብ ጊዜው አልፏል፤ ውዝዋዜውን ትጨምርበታለህ። ሞልቶ የተቀዳ ሲኒ የያዘች ሴት ብታይ፣ ቡናው የሚፈሰው እሷ ልታድነው ስትንቀጠቀጥ ነው። ቀድሞ በትንሹ መሳብ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።

ይሄ ሕግ ለሁለት ሰውም ለብዙ ሰውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ፍሎሪዳ ውስጥ ሌክ ዌልስ ላይ 100 ሰዎች በአልማዝ ቅርጽ ተያይዘዋል። እንዲህ ባለው ቅርጽ መሃል ያለ ሰው በአንድ እግሩ አንዱን፣ በሌላው እግሩ ሌላውን ይይዛል። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ሰው ትንሽ ቢወላውል ታች ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

የቦርከና ልጅ

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ! ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ክንፍ ከሆነማ ሌላ ነው» አለ። ግን ጥያቄ ጨመረ። ቢጠላለፉስ? ሲለያዩስ ማን ይቀድማል? የእኔ ጥያቄ ደግሞ እዚህ ኮምቦልቻ ላይ ይቻላል ወይ ነው።

ፊዚክስ ከወልድያ

የኮምቦልቻውን እኔ ልሞክር። አስተማሪ ነኝ፣ ዘላይ አይደለሁም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ 83 በመቶ አካባቢ ነው። ያው ክብደት በያው ክንፍ እንዲቆም 10 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መብረር አለበት። ደሴ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር፣ ልዩነቱ 13 በመቶ ይጠጋል። ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። የመውረጃው ፍጥነትም አብሮ ይጨምራል።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁሉም እኩል ስለሚፈጥኑ ተያይዘው መቆማቸውን አያበላሽም። መጠጋጋቱ ግን ይፈጥናል፤ ማረፉም ይከብዳል። በኮምቦልቻ ግን እኔን ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ሜዳው በተራራ የተከበበ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ሙቅ አየር ከታች ይነሣል፤ ተራራ ተሻግሮ የሚወርድ ነፋስም ይገለባበጣል። እንዲህ ባለ አየር ሁለት ሰው ማያያዝም ከባድ ነው። ማለዳ፣ አየሩ ሳይነቃ ከሆነ እሺ።

ለአባባ ጥያቄ፦ መጠላለፍ አለ። የዚህ ዝላይ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። ሁላችንም ገመድ መቁረጫ ቢላዋ እንይዛለን። ቀጭን ገመድ አንወድም፤ ሥጋ ይቆርጣል። ወፈር ያለ የዳክሮን ገመድ ነው የምንጠቀመው፤ እግራችንን በረጅም ካልሲ እንሸፍናለን። ከተጠላለፍን መጀመሪያ እንነጋገራለን። ከፍታ ይጠራል፤ ማን ጃንጥላውን ቆርጦ ለቆ በመጠባበቂያው ጃንጥላ እንደሚወርድ ይነገራል። ሳይነጋገሩ መቁረጥ ሌላውን ሊገድል ይችላል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የጃንጥላ ዘላዮች ማኅበር መመሪያ ከ2,500 ጫማ በታች አዲስ ሰው አይጠጋም። የሚቆጠረው ከመሬት ነው፣ ከባሕር ወለል አይደለም። ደሴ ላይ ለሚዘል ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሲለያዩ ከታች ነው የሚጀመረው። የላይኛው እግሩን ከገመዱ ያወጣል፤ ታችኛው ዞር ብሎ ይርቃል። ከዚያ ቀጣዩ። እያንዳንዱ ብቻውን፣ በራሱ መስመር ያርፋል።

የድሮ ዘላይ (ደሴ፣ ሸዋበር)

ልጄ ሐይቅ ዳር፣ ተባረኪ። ከመሄድሽ በፊት ደሴ ብቅ በይ። ያንን ገመድ ካለሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ በእጄ ልየው። የዚህን ልጅ አባትም እጠራዋለሁ።