ከድሬ ወደ እንግሊዝ መንደር ልሄድ ነው፤ ከልጅ ጋር መኖር ይቻላል?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም የድሬ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ኖሪች የሚባል ከተማ ነርስ ሆኖ ከተቀጠረ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ቤት አገኘሁ አለኝ፤ ግን ከተማው ውስጥ ሳይሆን በመኪና ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ነው። ኪራዩ ይቀላል፣ ጓሮም አለው። እኔና የ6 ዓመት ልጃችን ከሁለት ወር በኋላ እንሄዳለን። ቪዲዮ ላከልኝ፤ ያምራል፣ ግን መንገዱ ላይ አንድ ሰው አይታይም። እኔ ከቤት ስወጣ ባጃጅ አለ፣ ሱቅ አለ፣ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ወንበር ደጅ አውጥተን ከጎረቤት ጋር የምንጫወት ሰዎች ነን። እዚያ ዳቦ ሲያልቅብኝ የት እሄዳለሁ? ልጁን ሌሊት ቢያመውስ? እሱ ተረኛ ሲሆን ብቻዬን ምን እሆናለሁ? የኖራችሁበት እውነቱን ንገሩኝ።

እናት ከገንደ ቆሬ
እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ እዚያው ጎን ሰፎክ ውስጥ መንደር ስኖር 5ኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ ገጠር ሲባል የምናስበውን እርሺው። መብራት አለ፣ ውሃ አለ፣ አስፋልቱ እስከ በር ነው። ብዙ መንደር የሌለው የጋዝ መስመር ነው። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ታንከር ይኖራል፣ ቤቱ የሚሞቀው በነጭ ጋዝ ነው፣ ቦቴ እየመጣ ይሞላዋል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያመጡም፣ ስለዚህ በአንዴ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ታንከሩን ማየት እንዳለብኝ የነገረኝ አልነበረም፤ ጥር ላይ አለቀ፣ ቦቴው እስኪመጣ አራት ሌሊት ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጃኬት ለብሰን ተኛን። ባለቤትሽ ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ዛሬውኑ ይጠይቅ።

ሱቅ ካለ አንድ ነው። ፖስታ ቤቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው፤ ባንክ ስለሌለ ገንዘብ የምታወጪውም የምታስገቢውም በዚያች መስኮት ነው። የኛ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነዋሪው አክሲዮን ገዝቶ የራሱ አደረገው። ጡረተኞች በነፃ በየተራ ይሸጣሉ። እኔም ሐሙስ ሐሙስ መግባት ጀመርኩ፤ አፌ የተፈታው እዚያ ነው።

ሕክምናው አያስጨንቅሽ። ክሊኒክ የሚኖረው ተለቅ ያለው መንደር ላይ ነው። እንደደረሳችሁ ተመዝገቡ፣ አይከፈልበትም። ሌሊት ካመመው 111 ትደውያለሽ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 999። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ነፃ ነው። ደግሞ ባለቤትሽ በጤና ሠራተኛ ቪዛ ከገባ፣ ሌላው ሰው ቪዛ ሲጠይቅ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ የሚከፍለውን የጤና ክፍያ እናንተም አትከፍሉም። ክፈሉ የሚላችሁ ደላላ ካለ እንዳትሰሙት።

ለገሃሬ
አቦ እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልበል። መንደር 8 ወር ኖሬ ነው ወደ ከተማ የገባሁት። ሰዉ ጥሩ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ እኔን ያሸነፈኝ ባሱ ነው። በሁለት ሰዓት አንዴ ይመጣል፣ የመጨረሻው ማታ 12 ሰዓት ላይ ያልፋል፣ እሁድ ጭራሽ የለም። አንድ ቀን በሦስት ደቂቃ አመለጠኝና መብራትም የእግረኛ መንገድም በሌለው አስፋልት 7 ኪሎ ሜትር በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ሄድኩ፤ ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጠልቃለች። ሂሳቡ እንኳን ብዙ አይደለም፣ አንድ ጉዞ ቢበዛ 3 ፓውንድ ነው። ባጃጅ እንደ መጥራት አይደለም፣ ሕይወትሽን በሰዓት ሰሌዳው ልክ ትቆርጪያለሽ። መኪና መንዳት ካልቻልሽ መንደሩን አልመክርሽም። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ መኖር ከጀመርሽ 12 ወር መንዳት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን የነሱን ፈተና ካላለፍሽ አይሆንም። የሚነዳው በግራ ነው።

ከዚራ ያደግኩ
ለገሃሬ ያለው ልክ ነው፣ ግን ልጅ ላለው ሰው ሌላም ነገር አለ። የመንደር ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፤ ሁለት ሦስት ክፍል አንድ ላይ የሚማርበት አለ፣ መምህሯ እያንዳንዱን ልጅ ከነወላጁ ታውቀዋለች። በልጅሽ ዕድሜ ያሉት ምሳ በነፃ ይበላሉ። ልጁ ከ8 ዓመት በታች ከሆነና ለቤታችሁ ቅርብ የሚባለው ትምህርት ቤት ከ3.2 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ፣ ማመላለሻውን መንግሥት ይችላል።

ስለ ጎረቤት የጠየቅሽው ልቤን ነካው። እዚያ ሳይነገር ቤት አይገባም፣ ሰላምታውን ጀማሪዋ አንቺ ሁኚ። ልጅሽን ስታደርሺና ስትቀበዪ በር ላይ የምትቆሙት እናቶች ናቸው ጎረቤቶችሽ። የመንደሩ አዳራሽ በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቢ፤ የሻይ ፕሮግራም፣ ስፖርት፣ የእጅ ሥራ ሁሉ እዚያ ነው። ኖሪች ባለችበት በኖርፎክ አውራጃ ውስጥ ከ600 በላይ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ አንዱ ቄስ ግን ብዙ መንደር ስለሚያዳርስ በየእሁዱ አይቀደስም። የኛን ቅዳሴ ከፈለግሽ ለንደን ነው፣ ከኖሪች በባቡር 2 ሰዓት ገደማ። ሰኔ ላይ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብርሃን ነው። ያኔ ወንበርሽን ደጅ ታወጫለሽ።

የሳቢያን ልጅ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ደወልኩለት። ማሞቂያው በነጭ ጋዝ ነው፣ እሱም አላወቀም ነበር። ትምህርት ቤቱ በእግር 10 ደቂቃ ነው። ሱቁ ግን ተዘግቷል፣ ባስ በቀን አራት ጊዜ ብቻ። ቤቱን መጀመሪያ ለ6 ወር ብቻ ልንሞክረው ተስማምተናል። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 3 ዓመቴ ነው ግን ነድቼ አላውቅም፤ ከሰኞ ጀምሮ የወንድሜን መኪና ጠዋት ጠዋት እለማመዳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ከዚህ ምን ይዤ ልምጣ?

እናት ከገንደ ቆሬ
በርበሬና ሽሮ እንደልብሽ። ቅቤና ቋንታ እንዳትይዢ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ለልጁ ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ እዚያው ግዢለት፣ ከድሬ አታገኚም። ስትደርሺ እዚህ ጻፊልኝ፣ በባቡር መጥቼ አይሻለሁ።