የድሮ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ፦ እጀታው የራሱ ነው ወይስ የተቀየረ?

የቨርጂኒያው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የድሮ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን .38 ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ጎተራ ሽጉጥ) በሕጋዊ መንገድ ገዛሁ። አፈሙዙ 4 ኢንች ነው፣ ቀለሙ የማያብረቀርቅ ግራጫ። ግርጌው ላይ የተመታው ቁጥር በ"ቪ" ፊደል ይጀምራል። የእንጨት እጀታው በጣም ያምራል። ፍርግርግ ተቀርጾበታል፣ ከላይ የብር መልክ ያላት ሜዳሊያ አለችው፣ በብሎኑ ዙሪያ ደግሞ ፍርግርግ ያልነካው የአልማዝ ቅርጽ አለ። ሻጩ "ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው" ብሎኛል። እውነት ነው? እጀታው የመቼ ነው?

ዋንዛ
"ቪ" ካለ ቪክቶሪ የሚባለው ሞዴል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945፣ ለጦርነቱ የተሠራ። ጊዜው የጥድፊያ ስለነበር ጌጥ አልታከለበትም። የራሱ እጀታ ዋልነት ከሚባል እንጨት የተሠራ ልሙጥ ነው። ሜዳሊያ የለውም፣ ፍርግርግም የለውም። ስለዚህ ያንተ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ነው። ግን በግምት አንቁም፣ ፈተህ ውስጡን እየው። ፋብሪካው የሽጉጡን ቁጥር በቀኙ እጀታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይመታ ነበር።

አሮጌ ዕቃ ወዳድ
ከመፍታትህ በፊት ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ፣ ደግመህም እይ። ካቻቢቴው የብሎኑን ስንጥቅ በልኩ የሚሞላ ይሁን፣ ካልሆነ ጥርሱን ይበላዋል። ብሎኑን ጨርሰህ አታውጣው። ጥቂት ዙር አላላውና ራሱን በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርገህ ምታው። የወዲያኛው ጎን ራሱ ይለቃል። በፍጹም በስለት እንዳትፈለቅቀው፣ አሮጌ እንጨት ጠርዙ ቶሎ ይሰበራል።

የቨርጂኒያው
ፈታሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውስጡ ላይ ያለው ቁጥር ከሽጉጡ ጋር አይገጥምም። በ"ሲ" ፊደል ነው የሚጀምረው።

ዋንዛ
እንግዲህ ተፈታ። "ሲ" እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በዚሁ መጠን ባላቸው .38 ሪቮልቨሮች ላይ የገባ ፊደል ነው። አልማዙን ደግሞ ፋብሪካው በ1968 አስቀርቶታል። እጀታህ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተሠራ ነው። ቅርጹንም ልብ በለው። ትከሻው ወደ ላይ ወጥቶ የብረቱን ጎን ከሸፈነ ማግና የሚባለው ነው። እሱ የመጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የቪክቶሪ እጀታ ግን ዝቅ ብሎ ነው የሚያልቀው። በነገራችን ላይ ሜዳሊያ ስለሌለ ብቻ የጦርነት ጊዜ ነው ማለት አይቻልም። በ1920ዎቹም ሜዳሊያ የሌላቸው እጀታዎች ነበሩ።

ሰናይ
እኔ ብሆን ለሻጩ በትሕትና እነግረው ነበር። "ሁሉም የራሱ ነው" ተብሎ የተከፈለ ዋጋና እጀታው ለተቀየረ የሚከፈል ዋጋ አንድ አይደሉም። ግርጌውንም እየው። ቪክቶሪ የማንገቻ ቀለበት ነበረው። ቀለበቱ ወልቆ ቀዳዳው ብቻ ከቀረ፣ ያም ከዋጋው ይቀነሳል።

የቨርጂኒያው
ቀለበቱ የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። ልሙጡን እጀታ ፈልጌ ልግጠምለት?

አሮጌ ዕቃ ወዳድ
ግጠምለት፣ ደስ ይላል። የማግናውን ግን እንዳትጥለው። ፈላጊ አለው፣ በራሱም ይሸጣል። አዲስ ያገኘኸውን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፣ ቫርኒሽም አትቀባው። የእጅ ወዙ ነው ዕድሜውን የሚመሰክረው። በውስጡ የሌላ ሽጉጥ ቁጥር ቢኖርም እንዳለ ተወው። የራስህን ቁጥር አስመትተህ ብትሸጠው ቀጣዩን ገዢ ማታለል ይሆናል።