እድር ለቀብር ብቻ ነው ወይስ ለታመመ አባልም? የአባላት ክርክር

የእድሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በግንቦት ወር ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረውን ጉዳይ፣ ራቅ ብለው የሚኖሩትም ሐሳባቸውን እንዲሰጡበት በጽሑፍ እንድንወያይበት ሰብሳቢው ስላዘዙኝ እነሆ አቅርቤዋለሁ። አፍንጮ በር አካባቢ በኪራይ የሚኖሩትና በሰው ሚኒባስ ላይ በሹፌርነት ይሠሩ የነበሩት አባላችን ከሦስት ወር በፊት በስትሮክ ተመትተው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር፤ አሁን ለማስታመም ሲሉ ምጣዱን ትተዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ደንባችን ገንዘብ የሚያወጣው ለሞት ብቻ በመሆኑ፣ አባል ታሞ ገቢው ሲቋረጥ እድሩ ይረዳው ዘንድ ደንቡ ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለው ነው ጥያቄው።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ለወንድማችን ምሕረቱን ያውርድላቸው። ደንቡን በተመለከተ ግን ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ። የሞት ወጪ ይታወቃል፤ ለሟች ቤተሰብ የምንከፍለው ተቆርጦ የተቀመጠ ነው፣ ድንኳኑም ወንበሩም ሳህኑም የራሳችን ነው። የሕመም ወጪ ግን ወለልም ጣሪያም የለውም። ዛሬ ለስትሮክ ከፍለን ነገ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለካንሰር አንከፍልም ማለት አንችልም፤ በእኛ ዕድሜ ካለነው መካከል ከሐኪም ቤት ያልተመላለሰ ማን አለ? ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ለ30 ዓመት ያዋጡ እናቶች ያዋጡት በመጨረሻዋ ቀን ቀባሪ እንዳያጡ ነው። ካዝናው ለሌላ ነገር ወጥቶ ያለቀ ዕለት ለእነርሱ ልጆች መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ይህን የምለው ጨክኜ ሳይሆን፣ ያንን ደብተር ለ11 ዓመት ስለያዝኩት ነው።

በነርስነት የሚሠሩ አባል፦

ጋሼ፣ የገንዘቡ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስብዎ አውቃለሁ፤ እርስዎ ባይጠብቁት ኖሮ ይህ እድር ዛሬ ላይ ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር የቀላቀልን ይመስለኛል። የታመመ ሰው ቤት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ የሕክምናው ወጪ፣ ሌላው የቀረው ገቢ ነው። እርስዎ ጣሪያ የለውም ያሉት የመጀመሪያውን ነው፣ እውነትዎንም ነው፤ ሁለተኛው ግን ጣሪያ አለው።

ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንድማችን ጀርባቸውን በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማርሽ ስትቀይር የኖረችው ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጣለች። ባለቤታቸው ጣቶቻቸውን ከአውራ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ፣ ከዚያ ከአሮጌ ካልሲ የጠቀለሉትን ኳስ ያስጨብጧቸዋል። ይህን በቀን አራት ጊዜ ያደርጋሉ፤ ያሳየቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። እኔ እያለሁ ሌባ ጣታቸው ኳሱን ትንሽ ጫን አደረገችው። ወንድማችን ቀና ብለው ሲያዩኝ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ስትሮክ ከመታ በኋላ ሰውነት ከሁሉ ይልቅ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሚታዘዘው መድኃኒት በዋናነት የደም ግፊትን የሚቆጣጠርና ደም እንዳይረጋ የሚያግዝ ሲሆን፣ ዕድሜ ልክ ቢወሰድም ቤት የሚያፈርስ ወጪ የለውም። የእኒህን ቤተሰብ ቤት የሚያፈርሰው ኪራዩና ቀለቡ ነው። እናቲቱ ወደ ምጣዳቸው ቢመለሱ ያቺን ጣት የሚዘረጋት፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጣቸው ሰው የለም፤ መገላበጡ ሲቀር ደግሞ ገላቸው ይቆስላል። ቤት ቢቀመጡ የኪራዩ ቀን ይደርሳል። ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ታስታምም የሚል ሐሳብ በዘመድ በኩል ተነሥቶ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አባትየው ባልታመመው እጃቸው እምቢ ብለዋል።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው እድሩ ሐኪም ቤት እንዲከፍል አይደለም። አባል በሐኪም ማስረጃ ከሥራ ሲገለል እድሩ ለተወሰኑ ወራት የቤቱን ኪራይና ቀለብ እንዲደግፍ ነው። የሕክምናው ወጪ ለጤና መድኑና ለሌላው በጎ አድራጊ ይተው።

በሕግ ሥራ ላይ ያሉ አባል፦

የእኅታችንን ልዩነት የሚያጠናክር ነገር አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የመጀመሪያውን ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ሕጉ ራሱ ሕክምናንና የተቋረጠን ገቢ ለያይቶ አይቷል፤ ለገቢውም ወር ቆጥሮ ወሰን አበጅቶለታል። ችግሩ ይህ መብት የሚሠራው አሠሪና ሠራተኛ መሆናቸው ለሚታወቅ ሰዎች መሆኑ ነው። ወንድማችን የቀኑን ገቢ ለባለመኪናው አስገብተው የተረፈውን ይዘው የሚገቡ ሰው ነበሩ፤ በእጃቸው የቅጥር ደብዳቤ የለም፣ መኪናው በማግስቱ ለሌላ ሹፌር ተሰጥቷል። ከእኛ አባላት ስንቶቹ እንዲህ እንደሚኖሩ ጸሐፊያችን ያውቃሉ።

ኪራዩንም በሚመለከት፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ በማድረግ ተከራይን በዘፈቀደ ከመባረር ይጠብቃል፤ ኪራዩን መክፈል ላቃተው ተከራይ ግን መጠለያ አይሆነውም።

አንዲት አባል፦

የጤና መድኑ ለምን ተረሳ? በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ከተማችን የመጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእንደዚህ ዓይነቱ ችግር አይደለምን?

በነርስነት የሚሠሩ አባል፦

እትዬ፣ አልተረሳም፤ መታወቂያውን በየዓመቱ ያሳደሱት ነበር። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎላቸው የታከሙት በዚያው ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋሙ ሲጠፋ ከውጭ የገዙበት ጊዜ ቢኖርም ብዙውን ሸክም አቅልሎላቸዋል። ዳሩ ግን መድኑ ኪራይ አይከፍልም፣ ጤፍም አይገዛም።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦

የተነገረውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ሕክምናና ገቢ መለያየታቸውን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ሆኖ አልቀረበልኝም ነበር። ሆኖም ስብሰባው ላይ አንድ ወንድም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ተርተዋል። እኔ የምጠይቀው ሃምሳው ሰው ዛሬ የት እንዳለ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሣ ከአባሎቻችን ግማሽ ያህሉ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። አንዳንዶቹ መዋጮ በባንክ ይልካሉ፣ አንዳንዶቹ በሄዱበት ሌላ እድር ገብተዋል። የቀረነው አብዛኛዎቻችን ሽማግሌዎች ነን። ለ6 ወር ኪራይና ቀለብ እንክፈል ብንል፣ በዚያው ጊዜ ሌላ ሁለት ሰው ቢታመምስ?

ከዋናው ካዝና አንዲት ሳንቲም እንዳትነካ፤ በዚህ ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም። የሕመም መዋጮ የሚባል ራሱን የቻለ ሒሳብ ከተከፈተ ግን እቃወማለሁ አልልም። 150 አባላት በወር 50 ብር ቢጨምሩ 7,500 ብር ነው፤ በዓመት 90,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ሒሳብ ላይ ያለው እስካለ ይከፈላል፣ ሲያልቅ ይቆማል። ለአንድ ቤት ከ3 ወር በላይ አይሁን፤ ማስረጃውንም ኮሚቴው ይመርምር።

የሴቶች አስተባባሪ የነበሩ እናት፦

ልጄ የጻፈልኝ እኔ የተናገርኩትን ነው። ማስረጃ ይመርመር የሚለውን ሰማሁ፤ ይመርመር፣ ነገር ግን የሰው ሕመም በስብሰባ ላይ በድምፅ ማጉያ አይነበብ። በኤችአይቪው ዘመን በዚህ ሰፈር ስንቱ ሰው ሕመሙን ደብቆ፣ እኛም ሳናስታምመው ጥሩምባ ሲነፋ ብቻ እንደሰማን አልረሳውም። ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን አለቀስን፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ሁለት የታመኑ ሰዎች ወረቀቱን አይተው «ይገባዋል» ካሉ ይበቃል። ሦስት ወር ደግሞ ያንሳል። ሰው ተመትቶ ዐልጋ ላይ በወደቀበት ወር ቤተሰቡ ያለችውን ወርቅም ቴሌቪዥንም ይሸጣል፤ ችግሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነውና ገንዘብ ያዡ ይህን ደግመው ያስቡበት።

በለሚ ኩራ የሚኖሩ አባል፦

እኔ ሄደዋል ከተባሉት አንዱ ነኝ። መዋጮዬን አላቋረጥኩም፤ ለቀብርም ሁለት ታክሲ ይዤ መጥቻለሁ። የታመመ ሰው ለመጠየቅ ግን ከሥራ በኋላ ከዚህ ፒያሳ መድረስ እየከበደኝ ቀርቻለሁ፤ በዚህ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በእግሬ መድረስ ካልቻልኩ ገንዘቤ ይድረስልኝ የምል ብዙ ነን። 50 ብሩን እደግፋለሁ። የወሩን ብዛት በተመለከተ ከእማማ ጋር ነኝ፤ ስድስት ወር ይሁን።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሐሳባችሁን ለሰብሳቢው አቅርቤያለሁ። የተለየ የሕመም ሒሳብ መከፈቱ፣ ወርኃዊ ጭማሪው 50 ብር መሆኑ፣ የድጋፉ ጊዜ 3 ወይስ 6 ወር የሚለው፣ ማስረጃ የሚያዩት ሁለት ሰዎች ምርጫም ሰኔ 7 እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ደንብ ለማሻሻል ምልዓተ ጉባኤ ስለሚያስፈልግ፣ ርቃችሁ የምትኖሩ አባላት በጽሑፍ ውክልና መላክ ትችላላችሁ።

በነርስነት የሚሠሩ አባል፦

ጸሐፊያችን፣ የኪራዩ ቀን ግንቦት 30 ነው፤ ስብሰባው የሚደርሰው ከዚያ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦

የግንቦቱን ኪራይ ከእድሩ ውጭ እኛው እናዋጣ። እኔ ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚያ በኩል ስለማልፍ አከራዩን አነጋግሬ ስንት እንደሆነ አሳውቃችኋለሁ። መዋጮውንም ተቀብዬ በደብተር እይዛለሁ።